የኦሳካው ሰኔ፤ ሻምበል አበበ ቢቂላና ሙቀት

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ቢሾፍቱ የሚወርደውን አውራ ጎዳና በማለዳ የሚመለከት ሰው፣ በቃሊቲና በአቃቂ ወገን በተርታ የሚሮጡ ወጣቶችን ማየቱ አይቀርም። ስፍራው ከእንጦጦ ጫፍ ወደ 1,000 ሜትር ያህል ዝቅ የሚል በመሆኑ አየሩ ሞቅ ያለ፣ መሬቱም ሜዳማ ነው። ረፋዱ ላይ ግን፣ በተለይ በመጋቢትና በሚያዝያ፣ ከአስፋልቱ የሚነሣው ወላፈን ፊትን ይገርፋል፤ ልምድ ያለው ሯጭም ከዚያ በፊት ልምምዱን ጨርሶ መሄድን ይመርጣል። ስለ ማራቶንና ስለ ሙቀት በተነሣ ቁጥር በዚህ ጸሐፊ ሐሳብ የሚመጣው፣ ብዙ ጊዜ የማይነገርለት አንድ ውድድር ነው፤ ይኸውም አበበ ቢቂላ በጃፓን አገር በኦሳካ ከተማ ሰኔ 18 ቀን 1953 ዓ.ም. ያደረገው ሩጫ ነው።

አበበ የደጋ ልጅ ነበር። ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ፣ ጃቶ በምትባል መንደር ተወለደ። ዕለቱ በሎስ አንጀለስ የኦሊምፒክ ማራቶን የተሮጠበት ቀን መሆኑ፣ ለአጋጣሚ ትርጉም የሚሰጡ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሡት ነገር ነው። ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በክብር ዘበኛ ተቀጠረ፤ በዚያም ሜጀር ኦኒ ኒስካነን የተባለው ስዊድናዊ አሠልጣኝ ተመለከተው።

የሮማው ድል በሁሉ ዘንድ የታወቀ ስለሆነ እዚህ ላይ ማስረዘም አያስፈልግም። የሚታወሰው አንድ ነጥብ ብቻ ነው፤ የሮማ አዘጋጆች የበጋውን ፀሐይ ሸሽተው ማራቶኑን ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ አስጀመሩት። በዚህም ምክንያት አበበ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲሱ ዓመት ዋዜማ፣ ወታደሮች በያዙት ችቦ ብርሃን በባዶ እግሩ ገሥግሦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። ሙቀቱን አስቀድመው ያሰቡበት ሰዎች ከመንገዱ አንሥተውለት ነበር ማለት ይቻላል።

በኦሳካ እንዲህ ያለ ምሕረት አልነበረም። ለእኛ ሰኔ የክረምት መግቢያ ነው፤ ደመናው ይወርዳል፣ ዝናቡ ይጥላል፣ ሰው ጋቢውን ይፈልጋል። በኦሳካም ሰኔ የዝናብ ወር ነው፤ ነገር ግን የዚያ አገር ዝናብ ከሙቀት ጋር የሚመጣ ሲሆን፣ አየሩ ከባሕሩ በሚነሣው እርጥበት ስለሚሞላ በእንፋሎት ቤት ውስጥ እንደ መቀመጥ ያህል ይከብዳል። ከሸዋ ደጋ የሄደ ሯጭ ዝናብን ከብርድ ለይቶ ለማሰብ አልለመደም።

ጉዳዩ የምቾት ብቻ አይደለም። የሚሮጥ ሰው ጡንቻ ከሚያነደው ኃይል ወደ እንቅስቃሴ የሚለወጠው ሩብ ያህሉ ብቻ ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ሰውነትን ያግለዋል። ይህንን ሙቀት የሚያወጣው በዋናነት ላብ ነው፤ ላብም የሚያቀዘቅዘው ሲፈስ ሳይሆን ሲተን ነው። በቃሊቲ ደረቅ አየር አንድ ሯጭ ላቡ ሲደርቅ ጨው ብቻ በቆዳው ላይ ይቀርለታል፤ ፀሐዩ ቢከብድም ላቡ ሥራውን ሠርቶለታል። እርጥበት በበዛበት አገር ግን ላቡ ሳይተን ይንጠባጠባል፤ ውኃው ይባክናል፣ ሙቀቱ በሰውነት ውስጥ ይቀራል። ልብም ያንኑ ደም ለጡንቻና ለቆዳ ማካፈል ስለሚኖርበት የሯጩ ፍጥነት ይቀንሳል። ሰውነት እንዲህ ያለውን አየር ለመልመድ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ያስፈልገዋል።

አበበ ውድድሩን አሸነፈ። ጊዜው ግን 2 ሰዓት ከ29 ደቂቃ ከ27 ሴኮንድ ነበር፤ ከሮማው 14 ደቂቃ የዘገየ፣ በውጭ አገር ካሸነፋቸው ማራቶኖች ሁሉ ረጅሙ። ጉልበቱ ደክሞ ነው እንዳይባል፣ ከሰባት ሳምንት በፊት አቀበት በበዛበት የአቴና መንገድ 2 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ገደማ ሮጦ ነበር፤ ከሦስት ወር ተኩል በኋላም በኮሺሴ ከተማ፣ በመስከረም ቅዝቃዜ፣ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ12 ሴኮንድ አሸነፈ። ሰውየው ያው፣ ዓመቱም ያው ነው፤ የተለወጠው አየሩ ነው። በዚህ ጸሐፊ ግምት ከአበበ ድሎች ሁሉ አስተዋይነቱን ይበልጥ የሚያሳየው ይህ የዘገየው ነው። የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት ሆኖ ሳለ፣ ስሙን ለማስጠበቅ የሮማውን ፍጥነት በዚያ እንፋሎት ውስጥ ቢሞክር ኖሮ መጨረሻውን ማየቱ ያጠራጥራል።

የሚያስገርመው፣ በጤናው ሙሉ ሳለ ጨርሶ ያላሸነፈው ማራቶን በሙቀት የተሮጠ አይደለም። ሚያዝያ 11 ቀን 1955 ዓ.ም. በቦስተን፣ እርሱና ማሞ ወልዴ በፈጣን እርምጃ ሲመሩ ቆይተው፣ ከባሕሩ ወገን የሚነፍሰው ቀዝቃዛ ነፋስ በአቀበቶቹ ላይ ሰውነታቸውን አሰረው፤ አበበም አምስተኛ ሆነ። በቶኪዮ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ጥገና ካወጣ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው፣ ደመናማ በሆነ ቀን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ሁለተኛውን የኦሊምፒክ ወርቅ አገኘ።

በሜክሲኮ በ1961 ዓ.ም. እግሩ ታምሞ ስለ ነበር 17 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሮጠ አቋረጠ፤ ድሉ የማሞ ወልዴ ሆነ። በዚያው ዓመት መጋቢት 13 ቀን የደረሰበት የመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ አደረገው። በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ታከመ፤ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦም በቀስት ውርወራ ተወዳደረ፤ በ1963 ዓ.ም. ደግሞ በኖርዌይ በረዶ ላይ በመንሸራተቻ 25 ኪሎ ሜትር ተወዳድሮ አሸነፈ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐረፈ፤ የተቀበረውም በአዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ ቃሊቲ በሚወርደው በዚያው መንገድ ዳር ነው።