ከግብ አዳኝነት እስከ አፍሪካ እግር ኳስ መሪነት፦ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ

በማርች 1961 የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን እስራኤል መጥቶ ነበር። የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ነበር፤ ሁለቱም ጨዋታ የተካሄደው እዚሁ አገር ነው። ቡድኑ 1 ለ 0 እና 3 ለ 2 ተሸንፎ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። ያኔ ከወላጆቻችን ብዙዎቹ ገና ሕፃናት ናቸው ወይም አልተወለዱም፤ እኛም ይህን ታሪክ ከቤት ሰምተነው አናውቅም።

ከ10 ወር በኋላ ግን ኢትዮጵያ የአፍሪካ ሻምፒዮን ሆነች። አሠልጣኙ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። ሐደራ ውስጥ ኳስ የሚጫወት ልጅ ሁሉ ሳላህንና ኤቶን ያውቃል። የአፍሪካን ዋንጫ ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ ኢትዮጵያዊ መሆኑን ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ እኛም ያወቅነው በቅርቡ ነው። ለዘንድሮው መጽሔት እሳቸውን የመረጥነው ለዚህ ነው።

አቶ ይድነቃቸው የተወለዱት በሴፕቴምበር 1921 ጅማ ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው፤ በግጥማቸውና በዜማቸው የታወቁ፣ ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ። ስለ አባትየው ብቻ ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል። ልጁ ግን ልቡ ኳስ ላይ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ቅዱስ ጊዮርጊስ የሚባለው ክለብ በ1935 መጨረሻ ሲመሠረት ይድነቃቸው የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ወዲያው ገቡበት።

ከዚያ ስድስት ወር ሳይሞላ ጣልያን አዲስ አበባ ገባ። ይህን ክፍል ቶሎ ልናልፈው አንፈልግም፤ ምክንያቱም በኋላ የሠሩት ሥራ ሁሉ ከዚህ የመጣ ይመስለናል። ፋሺስቶቹ ከተማውን በዘር ከፋፈሉት። ነጭ ከነጭ፣ ሐበሻ ከሐበሻ ብቻ እንዲጫወት ተደረገ። የክለቡን ስም እንኳን አልተዉትም፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቀርቶ ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር ተባለ። ሊቶሪዮ ማለት ከፋሺስቶች ምልክት የመጣ ስም ነው። እንግዲህ አስቡት፦ ከ14 እስከ 19 ዓመት፣ ማለትም እኛ በማትናሱ ሜዳ ከጓደኞቻችን ጋር በምንራገጥበት ዕድሜ፣ ከማን ጋር መጫወት እንደምትችል የሚወስነው የቆዳህ ቀለም ነው፤ በደረትህ ላይ ያለው ስም ደግሞ የወራሪው ነው።

በ1941 ጣልያን ተባረረ፣ ክለቡም ስሙን መለሰ። በ1944 የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ተካሄደ። የተሳተፉት አምስት ቡድኖች ሲሆኑ የከተማውን ነዋሪዎች የሚያሳይ ዝርዝር ነው፦ የኢትዮጵያውያኑ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የጣልያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ እና የእንግሊዝ ወታደሮች ቡድን። ዋንጫውን የወሰዱት እንግሊዞቹ ናቸው። ዋናው ነገር ግን ትናንት አብሮ መጫወት የተከለከለው ሁሉ አሁን በአንድ ውድድር ውስጥ መግባቱ ነው።

አቶ ይድነቃቸው ለቅዱስ ጊዮርጊስ 23 ዓመት ተጫወቱ፣ እስከ 1958 ድረስ። በ365 ጨዋታ 318 ግብ እንዳገቡ ተመዝግቧል። ቁጥሩን ስናይ ተሳስተን ያነበብን መስሎን ደግመን አየነው። ለብሔራዊ ቡድንም 15 ጊዜ ተሰልፈዋል። የሚገርመው በዚሁ ሁሉ ጊዜ የስፖርት አስተዳደር ሥራም ይሠሩ ነበር፤ የኢትዮጵያን እግር ኳስ ፌዴሬሽን ካቆሙት ሰዎች አንዱ ናቸው። ቅዳሜ ግብ ያገባ ሰው እሑድ ደብዳቤ ይጽፋል እንደ ማለት ነው።

በፌብሩዋሪ 1957 ካርቱም ላይ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ ካፍ፣ ተመሠረተ። አራት አገሮች ብቻ ነበሩ፦ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ። ኢትዮጵያን ወክለው የተገኙት አቶ ይድነቃቸው ናቸው፤ ያኔም ገና ተጫዋች ነበሩ። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ እዚያው ሊደረግ ተዘጋጅቷል፤ የኢትዮጵያ ተጋጣሚ ደቡብ አፍሪካ ናት። የአፓርታይድ መንግሥት ግን ወይ ነጭ ብቻ ወይ ጥቁር ብቻ የሆነ ቡድን እንጂ የተቀላቀለ አልክም አለ። ሌሎቹ ሦስቱ ደግሞ እንዲህ ከሆነ አትጫወቱም አሉ። ደቡብ አፍሪካ ወጣች፤ ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች፣ በግብፅም 4 ለ 0 ተሸነፈች። ውጤቱ አያኮራም። ውቤ ሰፈር ላይ በቀለም ተለይቶ የተጫወተ ልጅ ግን፣ አድጎ ያንን ዓይነት ቡድን አንቀበልም ካሉት ጋር መቆሙ ለእኛ ከዋንጫ አያንስም።

ዋንጫውም ቢሆን ብዙ አልዘገየም። በጃንዋሪ 1962 ውድድሩ አዲስ አበባ ላይ ሆነ። ኢትዮጵያ መጀመሪያ ከቱኒዚያ ጋር ገጥማ 2 ለ 0 ስትመራ ቆይታ 4 ለ 2 አሸነፈች። የፍጻሜው ጨዋታ በ21ኛው ቀን፣ ጥምቀት በዋለ በሁለተኛው ቀን ነበር። ተጋጣሚዋ ያለፉትን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደችው ግብፅ ናት። ግብፆች ቀድመው አገቡ። ግርማ ተክሌ በ74ኛው ደቂቃ አቻ አደረገ፤ ሕዝቡ ደስታውን ሳይጨርስ በ75ኛው ደቂቃ ግብፆች እንደገና አገቡ። ሰዓቱ ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ 2 ለ 2 አደረገው። በተጨማሪው ሰዓት የሉቺያኖ ወንድም ኢታሎ አንድ፣ መንግሥቱ ወርቁ አንድ ጨመሩ፤ 4 ለ 2 አለቀ። ሁለቱ ወንድማማቾች አባታቸው ጣልያን፣ እናታቸው ኤርትራዊት ናቸው። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው ሉቺያኖ ነው። ከዚያ ወዲህ ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ አላነሣችም።

ከ1972 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ አቶ ይድነቃቸው የካፍ ፕሬዚዳንት ሆኑ። አገራቸው ውስጥ ንጉሡ ወርደው ደርግ ሲመጣም በቦታቸው ቆዩ። የደቡብ አፍሪካን ጉዳይ አንድም ቀን አልተዉትም። በ1963 የፊፋው ፕሬዚዳንት እንግሊዛዊው ስታንሊ ራውስ ወደዚያ አገር ሄደው ከተመለሱ በኋላ እገዳው ተነሥቶ ነበር፤ የአፍሪካ አገሮች ተነሡና በዓመቱ እገዳው ተመለሰ፤ በ1976 ደግሞ ፊፋ ጨርሶ አስወጣት። በዚህ ሁሉ ክርክር ውስጥ ድምፃቸው ከፍ ብሎ ከተሰማው አንዱ እሳቸው ነበሩ። ለዓለም ዋንጫ ቦታም እንዲሁ። በ1966 አፍሪካ አንድም የራሷ ቦታ ስላልነበራት አገሮቹ ማጣሪያውን ረግጠው ወጡ፤ ለ1970 አንድ ተሰጣት፣ ለ1982 ሁለት ሆነ።

በአንድ ጉዳይ ግን እኛ እርስ በርሳችን አልተስማማንም። አቶ ይድነቃቸው አፍሪካውያን ተጫዋቾች ወደ አውሮፓ መፍለሳቸውን አይወዱም ነበር። እስከ 1982 ድረስ አንድ ቡድን ወደ አፍሪካ ዋንጫ ይዞ የሚመጣው ውጭ የሚጫወቱ ሁለት ሰዎችን ብቻ ነበር። ግማሾቻችን ልክ ነበሩ፣ አለበለዚያ የአገር ቤት ሊግ ባዶ ይቀራል አልን። ግማሾቻችን ደግሞ ቤተሰቡን ሊረዳ የሚችል ልጅ ለምን ይከለከላል አልን። ከማኅበራችን ወንድሞች ውስጥ ሕልሙ አውሮፓ ያልሆነ ስንቱ ነው? ክርክሩ አላለቀም፤ ወላጆችም ቢገቡበት ደስ ይለናል።

አቶ ይድነቃቸው በኦገስት 1987 በ65 ዓመታቸው አረፉ። ደቡብ አፍሪካ በ1992 ወደ አፍሪካ እግር ኳስ ተመለሰች፤ በ1996 ጥቁርና ነጭ ተጫዋቾቿ አንድ ማሊያ ለብሰው፣ ማንዴላ ከጎናቸው ቆመው፣ ዋንጫውን በገዛ ሜዳዋ አነሣች።