ነቢዩ የጻፈው የንጉሥ ዖዝያን ታሪክ

ባለፈው ዓመት ከ7ኛ ክፍል ተማሪዎቻችን አንዷ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ስለ አንድ ንጉሥ ሁለት ቦታ ሲተርክ አንደኛው ለምን አጠረ ብላ ጠየቀችን። ንጉሡ ዖዝያን ነው። በሁለተኛው መጽሐፈ ነገሥት ዓዛርያስ እየተባለ በሰባት ቁጥር ብቻ ይታለፋል፤ በሁለተኛው ዜና መዋዕል ግን ሙሉ ምዕራፍ አለው። በዕለቱ በቂ መልስ አልሰጠናትምና ይህን የጻፍነው ለእርሷ ነው።

ዖዝያን በይሁዳ የነገሠው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8ኛው መቶ ዓመት ነው። አባቱ አሜስያስ የገዛ ሰዎቹ አሢረውበት ለኪሶ ላይ ተገደለ። ሕዝቡ በምትኩ ያነገሠው የ16 ዓመቱ ልጅ 52 ዓመት ገዛ። የጌትንና የአዞጦንን ቅጥር አፈረሰ፤ በቀይ ባሕር ዳር ኤላትን አሠራ፤ በኢየሩሳሌም ግንብ ላይ ፍላጻና ትልልቅ ድንጋይ የሚወረውሩ መሣሪያዎች አቆመ። ሠራዊቱ 307,500 እንደ ነበር ተመዝግቧል። እኛን የሚማርከን ግን ሌላው ነው፤ እርሻ ይወድ ነበር። በምድረ በዳ ጉድጓድ ያስቆፍራል፣ በተራራው ላይ ወይን ያስተክላል፣ ብዙ ከብት ያረባል።

በበረታ ጊዜ ግን ልቡ ታበየ። ዕጣን ማጠን የካህናት ሥራ ሆኖ ሳለ ጥናውን ይዞ ወደ ቤተ መቅደስ ገባ። ካህኑ ዓዛርያስ 80 ካህናት አስከትሎ ተቃወመው። ንጉሡ ሲቆጣ በግንባሩ ላይ ለምጽ ወጣበት። ካህናቱ አጣድፈው አስወጡት፤ እርሱም ራሱ ለመውጣት ቸኮለ። ከዚያ በኋላ እስኪሞት በተለየ ቤት ተቀመጠ፤ አገሩን ልጁ ኢዮአታም ያስተዳድር ጀመር።

መጽሐፈ ነገሥት ለምጹን ይነግረናል እንጂ ምክንያቱን አይነግረንም። ዜና መዋዕል ግን የቀረውን የዖዝያንን ነገር የአሞጽ ልጅ ነቢዩ ኢሳይያስ እንደ ጻፈው ያመለክታል። የዳዊትን ታሪክ ሳሙኤል፣ ናታንና ጋድ፣ የሰሎሞንን ደግሞ ናታን፣ አኪያና አዶ ጽፈዋል። ናታን ዳዊትን በኦርዮን ሚስት ምክንያት ፊት ለፊት የገሠጸው ነው። በአገራችንም የነገሥታት ታሪክ ዜና መዋዕል ይባላል፤ የዳግማዊ ምኒልክን የጻፉት ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ናቸው። የንጉሥን እንጀራ ለሚበላ ጸሐፊ ግን ስለ ንጉሡ ግንባር መጻፍ ቀላል አይደለም። እኛም ብንሆን በየዓመቱ በዚህ መጽሔት ስለ ተመራቂዎቻችን ስንጽፍ መልካም መልካሙን እየመረጥን ነው፤ ወላጅም የሚጠብቀው ይህንኑ ነው።

በአባቶቻችን ትርጓሜ፣ ኢሳይያስ ንጉሡን ስለሚወደው ሳይገሥጸው ቀረ፣ በዚህም ለምጹ በራሱ በነቢዩ ከንፈር ላይ ወጣ ይባላል። እንዲያ ከሆነ፣ በአንደበቱ ያልደፈረውን በኋላ በብዕሩ ፈጸመው ማለት ነው። የጻፈው መጽሐፍ ለእኛ አልደረሰም። የዜና መዋዕል ጸሐፊ ግን ያገኘው ይመስለናል፤ የምዕራፉም መርዘም ከዚያ የመጣ ሳይሆን አይቀርም።

ዖዝያን ሲሞት ለምጻም ነው ተብሎ በነገሥታቱ መቃብር አጠገብ በእርሻ ቦታ ተቀበረ። በ1931 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሱኬኒክ የተባሉ የኢየሩሳሌም ምሁር፣ በደብረ ዘይት ተራራ ባለ የሩሲያ ገዳም ከተሰበሰቡ ዕቃዎች መካከል በአራማይክ የተጻፈበት የድንጋይ ጽላት አገኙ። ጽሑፉ ንጉሡ ከሞተ ከ700 ዓመት ያህል በኋላ የተቀረጸ ነው። የይሁዳ ንጉሥ የዖዝያን አጥንት ወደዚያ ስፍራ መዛወሩን ይገልጽና ማንም እንዳይከፍተው ያስጠነቅቃል።