በብረት ልኬት ዓለምን የገራው ጆሴፍ ዊትዎርዝ

የመኪና ጎማ ሲላላ ወይም የውኃ መሳቢያ ሞተር ብሎኑ ሲበላ፣ ባለቤቱ በአቅራቢያው ካለ ሱቅ ተመሳሳይ ብሎን ገዝቶ ይተካል። የገዛው ብሎን ከአሮጌው ዳዶ ጋር መግጠሙን ማንም እንደ ተአምር አይቆጥረውም። ከሁለት መቶ ዓመታት በፊት ግን ነገሩ እንዲህ አልነበረም። እያንዳንዱ ባለሙያ ብሎንና ዳዶውን በራሱ ልክ ይሠራ ስለነበር፣ የአንዱ ቤት ሥራ ከሌላው ጋር አይገጥምም ነበር። ይህን ዝብርቅርቅ ሥርዓት ያስያዘው እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጆሴፍ ዊትዎርዝ፣ ያንኑ የልኬት ጥበብ ይዞ የጠመንጃ አፈሙዝን ለማሻሻል የተነሣ ሰው ነው።

ዊትዎርዝ እ.ኤ.አ ታኅሣሥ 21 ቀን 1803 ዓ.ም በማንችስተር አቅራቢያ በምትገኘው ስቶክፖርት ከተማ ተወለደ። አባቱ መምህርና የሃይማኖት አገልጋይ ነበር። በአሥራ አራት ዓመቱ ወደ አጎቱ የጥጥ መፍተያ ፋብሪካ ተላከ፤ የልጁ ልብ ግን ከጥጡ ይልቅ በማሽኖቹ ላይ አደረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የአጎቱን ቤት ትቶ ወደ ማንችስተር በመሄድ በመካኒክነት ተቀጠረ።

እ.ኤ.አ በ1825 ወደ ለንደን አቀናና በዘመኑ እጅግ ስመ ጥር በነበረው የሄንሪ ሞድስሌይ የማሽን ፋብሪካ ገባ። በዚያም ፍጹም ለጥ ያለ የብረት ገጽ የማዘጋጀት ዘዴን አሻሻለ። ሁለት ብረቶች ብቻ እርስ በርስ ሲተያዩ አንዱ ጎድጉዶ ሌላው ጎብጦ ሊገጣጠሙ ይችላሉ፤ ስሕተቱም አይታይም። ሦስት ብረቶች እየተፈራረቁ ሲተያዩና ከፍ ያለው ስፍራ በእጅ እየተፋቀ ሲስተካከል ግን የተደበቀው ጉድለት ሁሉ ይጋለጣል። ሦስቱም እርስ በርስ የሚገጥሙት ሦስቱም ለጥ ያሉ ሲሆኑ ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ በ1833 ወደ ማንችስተር ተመልሶ የራሱን ወርክሾፕ ከፈተ። እ.ኤ.አ በ1841 ደግሞ በልዩ ልዩ ፋብሪካዎች የሚሠሩ ብሎኖችን ሰብስቦ በመመርመር፣ የጥርሱ ማዕዘን 55 ዲግሪ የሆነና የጥርሶቹ ብዛት ከውፍረቱ ጋር የተወሰነ አንድ ወጥ ልኬት አቀረበ። የባቡር ኩባንያዎችና ፋብሪካዎችም ተቀበሉት። እ.ኤ.አ በ1851 በለንደን በተካሄደው ታላቅ ዓውደ ርዕይ ላይ የኢንችን አንድ ሚሊዮንኛ ልዩነት የሚለይ መለኪያ አሳይቶ አድናቆትን አተረፈ።

የክሪሚያ ጦርነት ሲፈነዳ የእንግሊዝ መንግሥት ብዙ ጠመንጃ በፍጥነት ማምረት ፈለገ። እ.ኤ.አ በ1854 ዊትዎርዝን የጠረጴዛ ያህል የተለመደ ሥራ አዘዙት፤ የጠመንጃ መሥሪያ ማሽኖችን ንድፍ እንዲያወጣ ጠየቁት። እርሱ ግን አንዱ ጠመንጃ በትክክል ሲመታ ሌላው ለምን እንደሚስት ሳይታወቅ ማሽን መሥራት ስሕተትን ማብዛት ነው ብሎ አመነ። በመንግሥት ወጪም በማንችስተር በሚገኘው ግቢው 500 ያርድ፣ ማለትም 457 ሜትር ርዝመት ያለው፣ ነፋስ የማይገባበት የተኩስ መሞከሪያ አዳራሽ ተሠራለት። አዳራሹ ብዙም ሳይቆይ በዐውሎ ነፋስ ፈረሰ፤ እንደገና ተሠርቶ ሙከራው እ.ኤ.አ በ1855 ተጀመረ።

በዘመኑ ሠራዊቱ የታጠቀው የኤንፊልድ ጠመንጃ የአፈሙዙ ቀዳዳ 14.7 ሚሊ ሜትር ይሰፋ ነበር። በውስጡ የተቀረጹት ጠመዝማዛ ቦዮች አንድ ሙሉ ዙር የሚያጠናቅቁት በ198 ሴንቲ ሜትር ርቀት ነበር። የእርሳሱ ጥይት በባሩዱ ግፊት ተለጥጦ ወደ ቦዮቹ እንዲገባ የታሰበ ነው። እርሳስ ለስላሳ ማዕድን በመሆኑ፣ አፈሙዙ ሻካራ ወይም ስፋቱ ወጥ ባልሆነበት ስፍራ እየተፋቀ ይለጠፋል። በላዩም የባሩዱ ጥላሸት ይጋገርበታል። ቀጥሎ የሚተኮሰው ጥይት በተበላሸ መንገድ ስለሚያልፍ አቅጣጫውን ይስታል።

ዊትዎርዝ የቦዮቹን አሠራር ጨርሶ ለወጠው። የአፈሙዙን ቀዳዳ ወደ 11.5 ሚሊ ሜትር አጥብቦ ስድስት ጎን አደረገው፤ ጎኖቹም በየ51 ሴንቲ ሜትሩ አንድ ዙር እንዲዞሩ አደረገ። ጥይቱንም ረዘም አድርጎ አስቀድሞ በዚያው ቅርጽ ቀረጸው። ረጅም ጥይት በአየር ላይ ሳይገለበጥ እንዲጓዝ ፈጣን ሽክርክሪት ያስፈልገዋል። ቅርጹ ከአፈሙዙ ጋር አስቀድሞ የተስማማ ስለሆነም እርሳሱን በኃይል ወደ ቦይ ማስገባት አላስፈለገም። ከሁሉ በላይ ግን የአፈሙዙ ስፋት ከጫፍ እስከ ጫፍ ወጥና ለስላሳ እንዲሆን ያ የልኬት ጥበቡ ዋለ።

እ.ኤ.አ በ1857 ሁለቱ ጠመንጃዎች በይፋ ተፈተኑ። በ457 ሜትር ርቀት የኤንፊልዱ ጥይቶች አማካይ ስሕተት 68 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን የዊትዎርዙ 11 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ በ1860 በዊምብልደን የተካሄደውን የተኩስ ውድድር የከፈቱት ንግሥት ቪክቶሪያ፣ በማስደገፊያ ላይ ተስተካክሎ የተቀመጠውን የዊትዎርዝ ጠመንጃ ምላጭ ስበው በ366 ሜትር ርቀት ያለውን ኢላማ ከመካከሉ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ልዩነት መቱ።

ይህ ሁሉ ሆኖም ሠራዊቱ ጠመንጃውን በመደበኛ ትጥቅነት አልተቀበለውም። ዋጋው ከኤንፊልዱ በብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር። ጠባቡ አፈሙዝም በባሩድ ጥላሸት ቶሎ ስለሚታፈን ደጋግሞ መወልወልን ይጠይቅ ነበር። በውድድር ሜዳ ያለ ተኳሽ አፈሙዙን ለመወልወል ጊዜ አለው፤ በጦር ሜዳ ያለ ወታደር ግን የለውም። ትክክለኛነትን ያስገኘው ጥበት ራሱ የጠመንጃው እንቅፋት ሆነ።

ያን ቋጠሮ የፈታው ሌላው እንግሊዛዊ መሐንዲስ ዊልያም ሜትፎርድ ነው። እርሱ የጠባቡን አፈሙዝ ጥቅም ተቀብሎ፣ ቦዮቹን ጥላሸት በማይከማችበት መጠን ጥልቀታቸውን ቀነሰ፤ እርሳሱንም ከሌላ ማዕድን ጋር ቀላቅሎ አጠነከረው። ስሙን የያዘው የሊ-ሜትፎርድ ጠመንጃ እ.ኤ.አ በ1888 የእንግሊዝ ሠራዊት ትጥቅ ሆነ። ጥይቱም በሌላ ብረት የተለበጠ በመሆኑ እርሳሱ አፈሙዙን መንካት አቆመ።

ዊትዎርዝ ይህን ለማየት አልበቃም። ጥር 22 ቀን 1887 በሞንቴ ካርሎ ዐርፎ በእንግሊዝ ዳርሊ ዴል ተቀበረ። ልጅ አልነበረውም። በሕይወት ሳለ፣ እ.ኤ.አ በ1868፣ ወጣት መካኒኮች የሚማሩበትን የነፃ ትምህርት ዕድል አቋቁሟል፤ ሀብቱም ከሞቱ በኋላ ለሆስፒታል፣ ለትምህርትና ለሥነ ጥበብ ተቋማት ዋለ። ማንችስተር የሚገኘው የዊትዎርዝ የሥነ ጥበብ ማዕከል እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

የደከመበት ጠመንጃ ዛሬ የሚገኘው በቤተ መዘክርና በሰብሳቢዎች እጅ ነው። በየጋራዡና በየቶርኖ ቤቱ ያለ ባለሙያ ግን ብሎንን ከዳዶ ባጋጠመ ቁጥር፣ ስሙን ባያውቅ እንኳ፣ ዊትዎርዝ ባስጀመረው የወጥ ልኬት ሥርዓት ይሠራል።