ማዘዝና ማሳመን፤ የፕሮፌሰር ኩርት ሌዊን ሕይወት

ሰው በምክር ብቻ ልማዱን እንደማይለውጥ በሙከራ ካስረዱት ሊቃውንት አንዱ ፕሮፌሰር ኩርት ሌዊን ናቸው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1890 ዓ.ም. ዛሬ በፖላንድ ባለችው በሞጊልኖ ከአይሁድ ቤተ ሰብ ተወለዱ። በ1ኛው የዓለም ጦርነት ለጀርመን ተዋግተው ቈሰሉ፤ ኋላም በበርሊን ዩኒቨርሲቲ ሥነ ልቡና አስተማሩ። ሂትለር በ1933 ዓ.ም. ሥልጣን ሲይዝ ወደ አሜሪካ ተሰደዱ፤ እናታቸው ግን በናዚዎች ካምፕ ተገደሉ።

በ2ኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአሜሪካ ሥጋ ሲያጥር፣ የቤት እመቤቶች የናቁትን ልብና ኩላሊት እንዲያበስሉ ማሳመን አስፈለገ። ዱለት ለሚወድ አገር ይህ ያስደንቅ ይሆናል። ፕሮፌሰሩም ለከፊሎቹ ስለ ጥቅሙ ንግግር አሰሙ፤ ከፊሎቹን ግን እርስ በርሳቸው አወያይተው ራሳቸው እንዲወስኑ አደረጉ። በኋላ ሲጠየቁ፣ ንግግሩን ከሰሙት ከመቶ 3ቱ፣ ተወያይተው ከወሰኑት ግን ከመቶ 32ቱ አዲሱን ሥጋ አብስለው ተገኙ። ሰው በጓደኞቹ ፊት ራሱ የወሰነውን ማፍረስ ይከብደዋልና።

ፕሮፌሰሩ በ1947 ዓ.ም. ዐረፉ። ደቀ መዝሙራቸው ሊዮን ፌስቲንገር በ1957 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፍ፣ አሳብና ተግባር ሲጋጩ ሰው ዕረፍት አጥቶ ሊያስማማቸው እንደሚጥር አስረዱ።

እንግዲህ ሕዝብን ለማገልገል የምንሰናዳ ሁሉ፣ ከመናገር ይልቅ ማነጋገርን እንልመድ።