ኤድዋርድ አንግልና የጥርስ ማቅናት ጥበብ

ኃይልና አቅጣጫ ለድልድይና ለሞተር ብቻ የሚሰሉ አይደሉም። በግራም የምትለካ ትንሽ ኃይል፣ አቅጣጫዋ ከተስተካከለ፣ በሕፃን አጥንት ውስጥ ተቀብሮ የቀረን ጥርስ ወደ ስፍራው ታወጣለች። ይህን ጥበብ ራሱን የቻለ ሙያ ካደረጉት ግንባር ቀደሙ አሜሪካዊው ኤድዋርድ አንግል ነው።

አንግል እ.ኤ.አ. በ1855 ዓ.ም. በፔንሲልቬኒያ ተወለደ፤ በ1878 በጥርስ ሕክምና ተመረቀ። በዚያ ዘመን ጥርስ የሚያቀናው ሐኪም ለየበሽተኛው የሚሆን መሣሪያ በየጊዜው በእጁ ይሠራ ነበር። አንግል ግን ልካቸው የተወሰነ፣ እርስ በርስ የሚተካኩ ክፍሎችን አዘጋጀ። በ1899 የጥርስ አገጣጠም ጉድለትን፣ የመጀመሪያውን ቋሚ መንጋጋ መነሻ አድርጎ፣ በሦስት መደብ ከፈለ፤ አከፋፈሉ ዛሬም ይሠራበታል። በ1900 በሴንት ሉዊስ የሙያውን ትምህርት ቤት ከፈተ። በ1928 ይፋ ያደረገው መያዣ ደግሞ ባለአራት ማዕዘን ሽቦ በቦዩ ውስጥ ተቀብሎ ጥርስን በሦስቱም አቅጣጫ ለመቆጣጠር አስቻለ።

ይሁን እንጂ ጽናቱ ወደ ግትርነት ያደላ ነበር። ጥርስ ሳይነቀል ሁሉም በስፍራው ሊሰለፍ ይገባል ብሎ አመነ፤ የተለየ ሐሳብ ከያዙት ከካልቪን ኬዝ ጋር ወገኖቹ በ1911 በብርቱ ተከራከሩ። አንግል በ1930 ካረፈ በኋላ ግን የገዛ ደቀ መዝሙሩ ቻርልስ ትዊድ የታከሙ ጥርሶች ተመልሰው ሲጣመሙ አይቶ፣ አንዳንዴ መንቀል እንደሚያስፈልግ በሥራው አስረዳ። መምህሩን ያረመው በመምህሩ መሣሪያ ነበር።

ከመጨረሻው መንጋጋ ቀጥሎ ብዙ ጊዜ ተቀብሮ የሚቀረው የላይኛው ክራንቻ ነው። ሐኪሙ ድዱን ከፍቶ በጥርሱ ላይ ትንሽ መያዣ ይለጥፋል፤ ከዚያም በሌሎቹ ጥርሶች ላይ ከታሰረው ሽቦ ጋር አያይዞ ለወራት በቀስታ ይስበዋል። ኃይሉ ከበዛ ግን የጥርሱ ሥር ይጎዳል። ልጁ አሥር ዓመት ገደማ ሲሆን የክራንቻው እብጠት ከድዱ በላይ በጣት ካልተዳሰሰ መመርመር ይገባዋል፤ በጊዜ ከተደረሰበት የወተት ክራንቻውን መንቀል ብቻ አንዳንዴ ይበቃል።

እ.ኤ.አ. በ2017 በተመረቀው የመቐለ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለልብስ ስፌት የታሰበው ሥርዓት፣ በአንድ ልክ ተቆርጦ በፍጥነት መገጣጠም፣ የአንግል መሣሪያዎች መሠረትም ነበር። ልዩነቱ አጥንት እንደ ጨርቅ አለመሆኑ ነው፤ ልኩን ራሱ ያወጣል፣ ጊዜውንም ራሱ ይወስናል። አንግል የመጀመሪያውን ለዓለም አስተማረ፤ ሁለተኛውን ግን ተማሪው ሊያሟላለት ግድ ሆነ።