ቪክ ኤደልብሮክ፦ ለተራ ሞተር ትንፋሽ የሰጠው የሎስ አንጀለስ መካኒክ

የሎስ አንጀለሱ ፌርፋክስ ጎዳና በኢትዮጵያውያን ዘንድ የሚታወቀው ከኦሎምፒክ ጎዳና በስተደቡብ ባለው ክፍሉ ነው። ምግብ ቤቶችና ሱቆች የተደረደሩበት ይህ ሠፈር ከ2002 እ.አ.አ. ጀምሮ «ትንሿ ኢትዮጵያ» የሚለውን ስም በይፋ ይዟል። በዚያው ጎዳና ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን ሲኬድ፣ ቤቨርሊ ጎዳና ከሚያቋርጠው ቦታ አጠገብ አንድ ሰፊ የቴሌቪዥን ማዕከል ይገኛል። ማዕከሉ ከመገንባቱ በፊት በስፍራው ጊልሞር የተባለ ስታዲየም ነበር። በነሐሴ 1950 እ.አ.አ. በዚያ ስታዲየም ለቤተሰብ መኪና የተሠራ አንድ ርካሽ ሞተር፣ ለውድድር ብቻ ተብለው የተሠሩትን ውድ ሞተሮች ቀድሞ ገባ። ሞተሩን ለዚህ ያበቃው መካኒክ ቪክ ኤደልብሮክ ይባላል።

ኤደልብሮክ በ1913 በካንሳስ ግዛት፣ ከዊቺታ ከተማ ብዙም በማትርቅ የገበሬዎች መንደር ተወለደ። የቤተሰቡ መተዳደሪያ የነበረው ሸቀጣ ሸቀጥ መደብር በ1927 በእሳት ሲወድም ልጁ ገና የ14 ዓመት ታዳጊ ነበር። ትምህርቱን አቋርጦ ቤተሰቡን ለመርዳት ሥራ ገባ፤ ሥራውም የፎርድ መኪኖችን ከዊቺታ እየነዳ ራቅ ላሉ ገበሬዎች ማድረስ ነበር። መንገዱ ወጣ ገባ ስለነበር መኪኖቹ መድረሻቸው ላይ ሳይደርሱ ይበላሹ ነበር። መለዋወጫም ጋራዥም በሌለበት ሜዳ በእጁ ባገኘው ነገር እየጠገነ መንገዱን መቀጠል ግድ ሆነበት። መካኒክነትን የተማረው በዚህ መንገድ ነው።

ታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ አሜሪካን ሲያናውጥ፣ በ1931 ወንድሙ ወደሚኖርበት ካሊፎርኒያ ተሰደደ። ከሁለት ዓመት በኋላ ከሚስቱ ወንድም ጋር የጥገና ጋራዥ ከፈተ፤ በ1934 ደግሞ በሎስ አንጀለስ ከተማ የራሱን ጋራዥ አቋቋመ። በ1938 ለራሱ የገዛት የ1932 ስሪት ፎርድ የሕይወቱን አቅጣጫ ለወጠችው።

የፎርድ ኩባንያ በዚያው በ1932 ያወጣው ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር በዘመኑ ትልቅ ነገር ነበር። እስከዚያ ድረስ እንዲህ ያለ ሞተር በአብዛኛው የሀብታሞች መኪና መለያ ሲሆን፣ ፎርድ ግን መካከለኛ ገቢ ላለው ሰው አቀረበው። 3.6 ሊትር የሚይዘው ይህ ሞተር ሲወጣ ጉልበቱ 65 የፈረስ ጉልበት ነበር። ቫልቮቹ ያሉት በሲሊንደሮቹ ጎን፣ በሞተሩ አካል ውስጥ በመሆኑ ቴስታታው፣ ማለትም የላይኛው ክዳን፣ ከጠፍጣፋ ብረት ብዙም አይለይም ነበር። ይህም ለመፍታትና ለመግጠም ቀላል አደረገው። እየቆየ ያገለገሉ ፎርዶች በርካሽ መገኘት ሲጀምሩ፣ የሎስ አንጀለስ ወጣቶች ሞተሩን በየቤታቸው ጓሮ እያወረዱ መበታተን ያዙ።

ሥራው ብልሃትን ይጠይቃል። ሞተር ጉልበት የሚያገኘው አየርና ቤንዚን አቀላቅሎ፣ ጨምቆ፣ አቃጥሎ ነውና፣ ብዙ ጉልበት የሚሻ ሰው ሞተሩ ብዙ እንዲተነፍስ ማድረግ አለበት። ሲሊንደሩን አስፍቶ መጥረብ፣ የአየር መግቢያውን ማለስለስ፣ ካምሻፍቱን እንደገና ቀርጾ ቫልቮቹ ለረጅም ጊዜ እንዲከፈቱ ማድረግ፣ ድብልቁ ይበልጥ እንዲጨመቅ ቴስታታውን መላጨት የተለመዱ ዘዴዎች ነበሩ። እያንዳንዱ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ሲሊንደሩ ከመጠን በላይ ከተጠረበ ግድግዳው ይሳሳል፤ ጭመቃው ከበዛና ቤንዚኑ ደካማ ከሆነ ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል፣ ውሎ አድሮም ፒስተኑ ይበሳል። የፎርዱ ሞተር ደግሞ የጭስ መውጫው በራሱ አካል ውስጥ ስለሚያልፍ ድሮውንም ቶሎ ይግል ነበር።

ኤደልብሮክ ያተኮረው በመተንፈሻው ላይ ነው። በካርቡሬተሩና በሲሊንደሮቹ መካከል ሆኖ ድብልቁን ለስምንቱም የሚያከፋፍለው ማኒፎልድ የተነደፈው ለአንድ ካርቡሬተር ነበር። እርሱ ሁለት ካርቡሬተር የሚሸከም፣ እያንዳንዱም አራት አራት ሲሊንደር የሚመግብ ማኒፎልድ ነድፎ ከአልሙኒየም አስቀለጠ። የወንጭፍ ቅርጽ ስለነበረው በእንግሊዝኛ ወንጭፍ ማለት የሆነውን «ስሊንግሾት» የሚል ስም ወጣለት። በሥራ ቀን የሚነዳትን ያችኑ ፎርድ ቅዳሜና እሑድ ፓራፋንጎዋንና የፊት መስታወቷን አውልቆ ከከተማው በስተሰሜን ወዳሉት የደረቁ ሐይቆች ይወስዳት ጀመር። በዚያ በረሃ መሬቱ ጠንካራና ለጥ ያለ በመሆኑ ወጣቶች በማኅበር ተደራጅተው የመኪኖቻቸውን ፍጥነት በሰዓት ያስለኩ ነበር። በኅዳር 1941 የኤደልብሮክ ፎርድ በሮዛመንድ ደረቅ ሐይቅ ላይ በሰዓት 121.42 ማይል፣ ማለትም 195 ኪሎ ሜትር ገደማ በረረች።

ከሳምንታት በኋላ ጃፓን ፐርል ሃርበርን ደበደበች፤ አሜሪካም ጦርነት ውስጥ ገባች። ኤደልብሮክ በሎንግ ቢች የመርከብ መሥሪያ ብየዳ ሠራ፤ የአውሮፕላን አካላትንም በእጁ ቀረጸ። ጦርነቱ ሲያበቃ ወደ ጋራዡ የተመለሰው በዚህ ሁሉ ልምድ በልጽጎ ነው። በ1946 የመጀመሪያውን የዕቃ ዝርዝር መጽሔቱን አሳተመ። ማኒፎልድ ብቻ ሳይሆን የአልሙኒየም ቴስታታም መሸጥ ጀመረ። ከዚያ በፊት ሞተሩን ማጎልበት የሚሻ ሰው ብዙውን ጊዜ ወይ ራሱ መሥራት ወይ የሚያውቅ ባለሙያ ማፈላለግ ነበረበት። አሁን ግን ራቅ ባለ ከተማ ያለ ወጣት ዕቃውን በፖስታ አስመጥቶ፣ በቁልፍና በመፍቻ ብቻ ቤቱ ውስጥ ሊገጥመው ቻለ።

ኤደልብሮክ ከሌሎች የተለየበት ሌላው ነገር በግምት አለመሥራቱ ነው። የሞተርን ጉልበት የሚለካ ዳይናሞሜትር የተባለ መሣሪያ በጋራዡ ተከለ፤ የሚሸጠውንም ዕቃ በዚያ ላይ እየፈተነ አንዱን ለውጥ ከሌላው አወዳደረ። በዚሁ መሣሪያ ላይ ነው በ1940ዎቹ መጨረሻ ከረዳቶቹ ጋር ናይትሮሜቴን የተባለውን ፈሳሽ የሞከረው። ይህ ነዳጅ በውስጡ ኦክስጂን ስለያዘ፣ ሞተሩ በሚስበው አየር ከቤንዚን ይልቅ እጅግ ብዙ መጠን ሊቃጠል ይችላል። ጉልበቱ ከፍተኛ ቢሆንም መጠኑ ከተዛነፈ ሞተሩን በቅጽበት ያወድመዋል። ትክክለኛውን መጠን እስኪያገኙ ድረስም የተበላሸው ብረት ጥቂት አልነበረም።

በፌርፋክሱ ጊልሞር ስታዲየም ሚጄት የሚባሉ ትንንሽ የውድድር መኪኖች በሺህ በሚቆጠር ተመልካች ፊት ይሽቀዳደሙ ነበር። በዚያ መድረክ የነገሠው ሌላው የሎስ አንጀለስ ባለሙያ ፍሬድ ኦፈንሃውዘር የሠራው ሞተር ነው። ለውድድር ብቻ የተሠራ፣ ሁለት ካምሻፍት ከላይ የተሸከመ፣ ዋጋውም ለተራ ሰው የማይቀመስ ነበር። ኤደልብሮክ ግን 60 የፈረስ ጉልበት ብቻ የነበረውን ትንሹን የፎርድ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር አዘጋጅቶ፣ ናይትሮሜቴን የተቀላቀለበት ነዳጅ አጠጥቶ፣ በሾፌሩ በሮጀር ዋርድ እጅ አሰለፈው። ዋርድ አሸነፈ፤ በማግስቱም በሳን በርናርዲኖ ድሉን ደገመው።

ድሉ የኦፈንሃውዘርን ዘመን አልደመደመም። ዋርድ ራሱ በ1959 እና በ1962 ታላቁን የኢንዲያናፖሊስ 500 ውድድር ያሸነፈው በኦፈንሃውዘር ሞተር ነው። ጊልሞር ስታዲየምም በ1952 ፈረሰ። ይሁን እንጂ ለገበያ መሄጃ የተሠራ ሞተር፣ አተነፋፈሱ በጥንቃቄ ከተስተካከለና ጉልበቱ ከተለካ፣ በገንዘብ ብዛት ከተሠራው ጋር እኩል ሊሰለፍ እንደሚችል በዚያ ምሽት ታይቷል። የኤደልብሮክን ዕቃ በጓሮው ለሚገጥም ወጣት ይህ ትንሽ ማስረጃ አልነበረም።

ቪክ ኤደልብሮክ በኅዳር 1962 በካንሰር ሕመም አረፈ፤ ዕድሜው 49 ዓመት ነበር። ድርጅቱን የተረከበው በአባቱ ስም የሚጠራው አንድ ልጁ ሲሆን፣ ያኔ የ26 ዓመት ወጣት ነበር። ልጁ ጋራዡን ወደ ትልቅ ፋብሪካ አሳደገው፤ የኤደልብሮክ ስም የተጻፈባቸው ማኒፎልዶችና ካርቡሬተሮችም ዛሬ ድረስ በየቤቱ ጋራዥ ይገጠማሉ።