ኦገስት ፎን ቫሰርማን

ኦገስት ፖል ፎን ቫሰርማን (ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1866 – ማርች 16 ቀን 1925 እ.ኤ.አ.) ጀርመናዊ ሐኪምና የባክቴሪያ ተመራማሪ ነበሩ። በስማቸው የሚጠራውን የቂጥኝ የደም ምርመራ በ1906 ከአልበርት ናይሰርና ከካርል ብሩክ ጋር አዘጋጅተዋል። ምርመራው አንዳንድ ጊዜ ቂጥኝ የሌለበትን ሰው ታማሚ ማለቱ፣ አንቲፎስፎሊፒድ ሲንድሮም የተባለው ሕመም ኋላ እንዲታወቅ መንገድ ከፍቷል። (በዚህ ገጽ ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ሕይወት

የተወለዱት በባቫሪያ፣ በባምበርግ ከተማ፣ ባንክ ከነበረው አይሁዳዊ ቤተሰብ ነው። በኤርላንገን፣ በቪየና፣ በሙኒክና በስትራስቡርግ ሕክምና ተምረው በ1888 ተመረቁ። ከዚያም በርሊን በሚገኘው የሮበርት ኮክ የተላላፊ በሽታዎች ተቋም ሠሩ። ከ1913 ጀምሮ በዳህለም የካይዘር ቪልሄልም የሙከራ ሕክምና ተቋም ዳይሬክተር ነበሩ። ለኖቤል ሽልማት በተደጋጋሚ ቢታጩም አላገኙም።

ምርመራው

የቂጥኝ ተሕዋስ በ1905 ቢገኝም በማይክሮስኮፕ የሚታየው በዋናነት ከቁስል ላይ ሲወሰድ ነበር። ቁስሉ ከዳነ በኋላ በሽታው ለዓመታት ተደብቆ ይቆያል። ቫሰርማን ዡል ቦርዴና ኦክታቭ ዣንጉ ያገኙትን ዘዴ ተጠቀሙ። የታማሚው ሴረም ከአንቲጅንና ኮምፕሊመንት ከተባለው የደም ፕሮቲን ጋር ይደባለቃል፤ ፀረ እንግዳ አካል ካለ ኮምፕሊመንቱ ተይዞ ያልቃል። ቀጥሎ የተዘጋጀ የበግ ቀይ የደም ሕዋስ ይጨመራል። ሕዋሱ ካልፈነዳ ውጤቱ ፖዘቲቭ ነው።

ተሕዋሱን በላቦራቶሪ ማራባት ስላልተቻለ አንቲጅኑ የተወሰደው በቂጥኝ ከሞተ ጽንስ ጉበት ነበር። ፀረ እንግዳ አካሉ የሚይዘው ተሕዋሱን ነው ተብሎም ታሰበ። ግን በቀጣዩ ዓመት ከጤናማ አካል፣ ለምሳሌ ከበሬ ልብ፣ በአልኮል የወጣ ፈሳሽም ያንኑ ውጤት ሰጠ። ምርመራው የቆመበት ሐሳብ ስህተት ነበር፤ ምርመራው ግን ይሠራ ነበር። የሚያዘው ነገር የሰውነት የራሱ ስብ መሆኑ ሲታወቅ ቫሰርማን በሕይወት አልነበሩም፤ ሜሪ ፓንግቦርን በ1941 ስቡን ለይታ አውጥታ ካርዲዮሊፒን አለችው።

ከሞታቸው በኋላ

በአሜሪካ በርካታ ግዛቶች ከጋብቻ በፊት የቂጥኝ ምርመራን በሕግ ግዴታ ሲያደርጉ፣ ቂጥኝ የሌለባቸው ሰዎች ውጤት ፖዘቲቭ እየሆነ ተገኘ። ሙሽሪት ሆና በማታውቀው በሽታ መጠርጠር ቀላል ነገር አልነበረም። ከእነዚህ ሰዎች አንዳንዶቹ በኋላ ሉፐስ ያዛቸው። በ1952 ኮንሊና ሃርትማን ደማቸው በብልቃጥ ውስጥ ዘግይቶ የሚረጋ የሉፐስ ታማሚዎችን ገለጹ። ይህ ባሕርይ ሉፐስ አንቲኮአጉላንት ተባለ። ስሙ ያሳስታል፤ በሰውነት ውስጥ የሚያመጣው በአብዛኛው የደም መርጋትን ነው። በ1983 የግራሃም ሂዩዝ የለንደን ቡድን የካርዲዮሊፒን ፀረ እንግዳ አካልን በቀጥታ የሚለካ ምርመራ አወጣ፤ የደም መርጋትና ተደጋጋሚ ውርጃም እንደ አንድ ሕመም መታየት ጀመሩ።

ዛሬ ለምርመራው ሦስት ነገሮች ይታያሉ፦ ሉፐስ አንቲኮአጉላንት፣ የካርዲዮሊፒን ፀረ እንግዳ አካል እና የቤታ 2 ግላይኮፕሮቲን 1 ፀረ እንግዳ አካል። በእርግዝና ክትትል የሚሠራው ቪዲአርኤል አሁንም ካርዲዮሊፒን ስላለበት፣ እሱ ፖዘቲቭ ሆኖ ተሕዋሱን ለይቶ የሚያየው ምርመራ ኔጋቲቭ ሲሆንና እናትየዋ ቀድሞ ጽንስ ከጨነገፈባት ሐኪም ይህን ሕመም ሊጠረጥር ይችላል። ኢንፌክሽን ፀረ እንግዳ አካሉን ለጊዜው ከፍ ሊያደርገው ስለሚችል፣ ፖዘቲቭ የሆነ ውጤት ቢያንስ ከ12 ሳምንት በኋላ ይደገማል።